ወንጀል በአጥንት አይወረስም

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለውን ብሂል ገበሬው ሲናገረው ኋላ ቀር እንለዋለን። እኛ ተማርን ባዮች ግን ለዚያው ብሂል የክሮሞሶም ካባ ደርበንለት «ሳይንስ» እንለዋለን። በአንድ ዋይ ክሮሞሶም ፈንታ ሁለት ይዞ የተወለደ ወንድ ለወንጀል ተፈጥሯል የሚለው ተረት እስከ ዛሬ አልሞተም።

ለመሆኑ ወሬው ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1965 በስኮትላንድ አንድ ጥብቅ ጥበቃ ባለው ሆስፒታል ከተመረመሩ 197 ወንድ ሕሙማን ሰባቱ ትርፍ ዋይ ተገኘባቸው። ጋዜጦችም ተቀብለው፣ በ1966 በቺካጎ ስምንት ወጣት ሴቶችን የገደለውን ሪቻርድ ስፔክን ትርፍ ዋይ አለው አሉ። ሲመረመር ግን አንድ ዋይ ብቻ ነበረው!

እውነቱን አልሸሽግም፤ በ1976 የታተመው የዴንማርክ ጥናት ካገኛቸው 12 ባለ ትርፍ ዋይ ወንዶች አምስቱ ተፈርዶባቸው ያውቃል። ጥፋታቸው ግን በአብዛኛው ቀላል ነበር እንጂ ደም ማፍሰስ አልነበረም። በ2012 የወጣው ሌላ የዴንማርክ ጥናትም ትምህርትና የኑሮ ሁኔታ ሲታሰቡ፣ ጥቂት የወንጀል ዓይነቶች ሲቀሩ፣ በጠቅላላው የፍርድ ብዛት ልዩነቱ እንደሚጠፋ አሳይቷል። ደግሞስ ትርፍ ዋይ አብዛኛውን ጊዜ በአባት ዘር አፈጣጠር ወቅት በአጋጣሚ የሚከሰት እንጂ ከአያት ቅድመ አያት የሚወረስ አይደለም። ታዲያ «የማን ዘር ነው?» ምን አመጣው?

ይህን ለመረዳት ኮፐንሃገን መሄድ አያሻም፤ እኔ የቤሌ ልጅ ነኝ፣ ወላይታ ይበቃኛል። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ያረሰ ሰው ዝሆኔ ሲይዘው «የዘር በሽታ» ተብሎ ልጆቹ ጋብቻ ይነፈጋሉ። በ2012 በወላይታ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ለበሽታው የሚያጋልጥ ዘረ መል በእርግጥ አገኘ። ነገር ግን ያ ዘረ መል ያለበት ሰው ከልጅነቱ ጫማ ቢጫማና እግሩን ቢታጠብ ከበሽታው ይድናል። መጋለጥ ዕጣ ፈንታ አይደለም!

ትርፍ ዋይ ያለው ልጅም አንዳንዴ አፉን ለመፍታት ይዘገያል፤ ትምህርት ይከብደዋል። የእርሱ ጫማ የሚታገሥ መምህር ነው። እኛ ግን ጫማውን ነፍገን በእግሩ እንፈርዳለን።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 48 የተፈጥሮ ምክንያት ብቻውን ከኃላፊነት እንዲያድን አይፈቅድም፤ ሰውየው በድርጊቱ ጊዜ የሚያደርገውን ለመረዳት ወይም ራሱን ለመግታት ችሎ እንደሆነ ይጠይቃል። ሕጉ በሥራው እንጂ በአጥንቱ አይመዝነውም። እኛስ?