ሻሽሽን ላላ አድርጊው!

የዛሬዋ ጠያቂዬ የ24 ዓመት ወጣት ናት፡፡ ስሜን አደራ ስላለችኝ አላወጣም፡፡ ደብዳቤዋ አጭር ነው፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት፡፡

«ከልጅነቴ ጀምሮ የጠበቀ ሹሩባ ስሠራ ኖሬ የግንባሬና የጆሮ ግንዴ ፀጉር ሸሽቷል፡፡ ያለ ሻሽ ከቤት ከወጣሁ ዓመት አለፈኝ፡፡ ፍቅረኛዬ እንኳን ፀጉሬን አይቶት አያውቅም፡፡ አሁን እህቴ ልታገባ ነው፤ ሚዜዋ ነኝ፡፡ ሌሎቹ ፀጉር ቤት ሲገቡ እኔ ምን ልሁን? ሻሽ የኀፍረት መሸፈኛ እየመሰለኝ ተሳቀቅሁ፡፡ ስጨፍር የማይወልቅ የሚያምር ጥምጥም አስተሳሰር አሳዪኝ፡፡ እስካሁን እንዳይወልቅብኝ ጥፍንግ አድርጌ ነው የማስረው፤ ማታ ማታ ራሴን ይፈልጠኛል፡፡»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፡፡ ጥፍንግ ማድረጉን ዛሬውኑ ተዪው! በእኛ አገር ራሷን ያመማት ሴት ግንባሯን በሻሽ ጠፍራ ትተኛለች፡፡ አንቺ ግን እየጠፈርሽ ነው ራስሽን የምታሳምሚው፡፡ ደግሞስ ፀጉርሽን ምን ሆነና የወሰደው? መጎተት እኮ ነው! ሲሳብ የኖረ ፀጉር ይሳሳል፣ ይበጠሳል፣ በመጨረሻም ቦታውን ይለቃል፡፡ በጊዜ ከተደረሰበትና መጎተቱ ከቆመ ሊመለስ ይችላል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ቆዳው ጠባሳ ይሆንና የወጣው ሳይመለስ ይቀራል፡፡ ጠባብ ሻሽም የሚያርፈው እዚያው የተጎዳው ጠርዝ ላይ ነው፡፡ ስለዚህ ሠርጉን ሳትጠብቂ ለቆዳ ሐኪም አሳዪው፡፡ «ለአንድ ቀን ነው» ብለው ሂውማን ሄር በማጣበቂያ እንለጥፍልሽ የሚሉሽ ካሉ ደግሞ እግዜር ይስጥልኝ ብለሽ ውጪ፡፡

ታዲያ ሳይጠብቅ እንዴት አይወልቅም? ካህናቱን አስቢ፡፡ የጥምቀት ዕለት ሲያሸበሽቡ ጥምጥማቸው ሲወድቅ አይተሻል? ጨርቁን የሚይዘው ዙር በዙር ላይ መደረቡ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም፡፡

ጨርቅሽ ጥጥ ይሁን፡፡ ሳቲንና ሽፎን ያብረቀርቃሉ፣ ግን ይንሸራተታሉ፤ ያኔ ነው ማጥበቅ የሚመጣው፡፡ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያህል፣ ወርዱ ከግማሽ ሜትር ትንሽ ከፍ ቢል ይበቃል፡፡ ሽሮ ሜዳ ወጣ ብለሽ ከሚዜዎቹ ቀሚስ ጥለት ጋር የሚሄድ ሳሳ ያለ ሽመና ብታገኚማ ምን ትፈልጊያለሽ! ከሥር ለስላሳ የጥጥ ቆብ አድርጊ፡፡ ጥጥ ጥጥን ይይዛል፡፡

አሁን መስታወት ፊት ቁሚና ራስሽን ደፋ አድርጊ፡፡ የጨርቁን መሐል ማጅራትሽ ላይ አሳርፊ፤ የላይኛው ጠርዝ አናትሽን ይሸፍን፡፡ ሁለቱን ጫፎች ከጆሮሽ በላይ አድርገሽ ወደ ግንባርሽ አምጫቸው፡፡ እዚያ አንዱን በአንዱ ላይ አሳልፊና አንዴ ጠምዝዢ፡፡ ጌጡ እዚህ ላይ ነው፤ ጥለቱ ፊት ለፊት እንዲታይ ቀስ ብለሽ አስተካክዪው፡፡ ከዚያ ጫፎቹን ወደ ኋላ መልሰሽ ማጅራትሽ ላይ አንዴ ብቻ ቋጥሪ፡፡ የተረፈውን ከዙሩ ሥር ሸጉጪው፡፡ ግንባርሽና ጨርቁ መሐል ጣትሽ ካልገባ ጠብቋልና ፍቺና እንደገና፡፡ ስትፈቺው ግንባርሽ ላይ ሰንበር ከቀረም ያው ነው፡፡

እኔ ይህን ከመጻፌ በፊት በራሴ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሬዋለሁ፡፡ የመጀመሪያው አራስ አስመሰለኝ፡፡ ለካ አናቱ ዝርግ ሆኖ ነው! አሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ከሥሩ ሳስገባበት ቀና አለ፡፡ ፊትሽ ክብ ከሆነ ከፍ አድርጊው፣ ረዘም ያለ ከሆነ ወደ ጎን ሰፋ ይበል፡፡ ጉትቻሽ ተለቅ ይበል፡፡ ከዚያ በሩን ዘግተሽ አንድ ሙሉ ዘፈን እስክስታ ምቺበት፤ ከላላ የሚላላው ያኔ ነው፡፡

የኀፍረት መሸፈኛ ላልሽው ደግሞ አንድ ታሪክ ልንገርሽ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1786 አሜሪካ ውስጥ ሉዊዚያናን ያስተዳድር የነበረው የስፔን ገዢ፣ ባሪያ ያልነበሩት ጥቁርና ክልስ ሴቶች ማጌጣቸው ስለበዛበት ፀጉራቸውን በጨርቅ እንዲሸፍኑ አዘዘ፡፡ ዝቅ ሊያደርጋቸው ነበር፡፡ እነሱ ምን አደረጉ? ደማቅ ጨርቅ መርጠው፣ ከፍ አድርገው ጠምጥመው ጭራሽ ዐይን የሚስብ አደረጉት! ትእዛዙን አልጣሱም፤ ግን ማን ዝቅ አለ?

የፍቅረኛሽ ነገር ቀረ፡፡ እኔ ብሆን ሠርግ ላይ በአጋጣሚ ከሚያየው፣ ከሠርጉ በፊት አንድ ቀን ቡና አፍልቼ እሱ ፊት ሻሼን እፈታ ነበር፡፡ ረጅም ንግግር አያስፈልግም፤ «ሹሩባው ነው የጎዳኝ» በዪው፡፡ ከዚያ ጨርቁን አምጪና አብራችሁ ተለማመዱ፡፡ ማጅራት ላይ ያለውን ጫፍ ብቻዋን ሆና መሸጎጥ ለማንም ሴት ያስቸግራል፤ ሁለተኛ ሰው ካለ ይቀላል፡፡ ከሳቀብሽ ግን ጻፊልኝ፡፡