ሦስት ቀዳዳ አይመሰክርም

በሐምሌና በነሐሴ ወር በኮሎራዶ፣ በዋዮሚንግና በሞንታና የተኩስ ሜዳዎች ለመጸው አደን የሚዘጋጁ ሰዎች ይበዛሉ። ጥይታቸውን ራሳቸው የሚሞሉት በሥራቸው ያስታውቃሉ። መቶ ሜትር ላይ ባለ ዒላማ ሦስት ጥይት ይተኩሳሉ፣ በካሊፐር ይለካሉ፣ በባሩድ መጠን ከፍ ያለ ሌላ ሦስት ጥይት አንስተው እንደገና ይተኩሳሉ። ሦስቱ ቀዳዳዎች የተነካኩ ዕለት ፍለጋው ያበቃል፤ ጠመንጃው የሚወደው ጥይት ተገኘ ይባላል። ይህ ልማድ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ ወረቀት ላይ ቢቀር ኖሮ ባልተከራከርኩ ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ወረቀት ተማምኖ 500 ሜትር ርቆ በቆመ አጋዘን ላይ ቃታ የሚስብ ሰው አለ።

በእጅ የሚሞላ ጥይት ከአራት ነገር ይሠራል፦ ከቀለህ፣ ቀለሁ ቂጥ ላይ ከምትቀመጠው ማቀጣጠያ፣ ከባሩድና ከአረር። ተተኩሶ ዳግመኛ የሚያገለግለው ቀለሁ ብቻ ነው። በእጅ መሙላት ለምን እንደሚጠቅም ለማየት .30-06ን እንውሰድ። የአሜሪካ ጦር በ1906 እ.ኤ.አ. የተቀበለው፣ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም በኤም-ዋን ጠመንጃ የተኮሰው፣ ዛሬ ደግሞ የአሜሪካ አጋዘን አዳኝ የሚያውቀው ጥይት ነው። ፋብሪካ የሚያመርተው .30-06 አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ጠባብም ይሁን ሰፊ በማንኛውም የዚህ ጥይት ጠመንጃ ውስጥ ገብቶ ያለ አደጋ መተኮስ አለበት። በእጁ የሚሞላ ሰው ግን የሚያዘጋጀው ለአንድ ጠመንጃ ነው። የቀለሁን ትከሻ ወደ ኋላ የሚመልሰው በሚሊሜትር መቶኛ በሚቆጠር ልክ ነው፤ አረሩም ከቱቦው ቦይ የሚኖረውን ርቀት ራሱ ይወስናል፤ ባሩዱን አንድ በአንድ ይመዝናል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም አለው። የምቃወመው ጥቅሙ የሚለካበትን መንገድ ነው።

አንድ ጠመንጃ ከአንድ ዓይነት ጥይት ጋር ያለው ጠባይ የሚታወቀው አረሮቹ በሚበተኑበት ስፋት ነው። አሥር ጥይት ሲተኩስ በአማካይ 4 ሴንቲሜትር የሚበትን ጠመንጃ እናስብ። ይኸው ጠመንጃ በይኸው ጥይት ሦስት ብቻ ሲተኩስ አማካዩ ወደ 2.5 ሴንቲሜትር ይወርዳል። የተሻሻለ ነገር የለም፤ ዳር የሚወጡት አረሮች ገና ተራቸው ስላልደረሰ ነው። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ያ 2.5 ራሱ አማካይ ስለሆነ ዛሬ 1.5፣ ነገ 3.5 ቢለካ ሁለቱም ከተለመደው ክልል አይወጡም። አሁን አዳኙ አሥር የተለያየ የባሩድ መጠን መርጦ በየመጠኑ ሦስት ሦስት ተኮሰ እንበል። አሥሩ መጠኖች በእውነት አንዳች ልዩነት ባይኖራቸው እንኳ፣ ቢያንስ አንዱ ከ1.5 ሴንቲሜትር በታች የመለካት ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። አዳኙ ያንን አንዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሳንቲም ሦስት ጊዜ ወርውሮ ሦስቴ ዘውድ ስላየ ሳንቲሟ ሁልጊዜ ዘውድ ትጥላለች ብሎ ከሚወራረድ ሰው አይለይም።

በክሬተን ኦዴት ስም የሚጠራው የመሰላል ፈተናም ከዚህ ትችት አያመልጥም። በእርሱ መንገድ የባሩዱ መጠን በትንሽ በትንሹ እየጨመረ ከየመጠኑ አንድ አንድ ጥይት ራቅ ያለ ዒላማ ላይ ይተኮሳል፤ ከዚያ አረሮቹ በቁመት የተቀራረቡበት ቦታ ይፈለጋል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ብዙ ጥሩ ተኳሾችም በእርሱ ምለዋል። ነገር ግን ከየመጠኑ አንድ ጥይት ብቻ ተተኩሶ የታየው መቀራረብ የባሩዱ ሥራ ይሁን የአጋጣሚ የሚለየው ነገር የለም። ፈተናው በማግስቱ ሲደገም የመቀራረቢያው ቦታ ወደ ሌላ መጠን ሲሸሽ ማየት የተለመደ ነው። በነብራስካ ግራንድ አይላንድ የሚገኘው የጥይት አምራች የሆርናዲ የባሊስቲክስ መሐንዲሶችም ባለፉት ዓመታት ይህንኑ በግልጽ ሲናገሩ ቆይተዋል፤ ጥይትን ከጥይት ለመለየት ሃያና ከዚያ በላይ መተኮስ ያስፈልጋል ይላሉ።

አዳኝ የሚተኩሰው አንድ ጥይት ነው፣ ሃያው ለምኑ ነው የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። ጠንካራ የሚመስል ክርክር ነው። አዳኙ የሚተኩሳት አንዷ ጥይት ግን ከየት ትመጣለች? ከነዚያ ሃያዎቹ መካከል ናት፤ መሐል ትመታለች ወይስ ዳር ማንም አያውቅም። የሃያውን ስፋት የማያውቅ ሰው የአንዷን ዕጣ ሊያውቅ አይችልም። የአደን ጠመንጃ ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው። በአንድ ቀን ሦስት ብቻ ተኩሶ ዒላማውን ማስቀመጥ፣ በሌላ ቀን በቀዝቃዛ ቱቦ በዚያው ዒላማ ላይ መጨመር፣ እንዲህ እያሉ ሃያ መድረስ ይቻላል። ይህ እንዲያውም ከአደኑ ጋር ይበልጥ ይመሳሰላል።

ፍጥነትን በተመለከተም ተመሳሳይ ሽንገላ አለ። አምስት ጥይት በፍጥነት መለኪያ ፊት አልፈው መደበኛ ልይይቱ፣ ማለትም ፍጥነቶቹ ከአማካያቸው የሚርቁበት ልክ፣ በሰከንድ 3 ሜትር ቢወጣ፣ እውነተኛው ከ2 በታችም ከ8 በላይም ሊሆን ይችላል። አምስት ጥይት ከዚህ በላይ መናገር አይችልም።

ፍጥነቱስ ምን ያህል ይጎዳል? በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣውን 6.5 ክሪድሙር የተባለ ጥይት እንውሰድ፤ አረሩ ከአፈሙዙ በሰከንድ ወደ 820 ሜትር ይወጣል። ሁለት ጥይቶች በ9 ሜትር በሰከንድ ቢለያዩ 300 ሜትር ላይ በቁመት የሚኖራቸው ልዩነት 2 ሴንቲሜትር አይሞላም። 600 ሜትር ላይ ግን ወደ 7 ሴንቲሜትር ይደርሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ስሕተቱ አራት እጥፍ ገደማ ያድጋል። እንግዲህ በሩቅ ለሚተኩስ ሰው የፍጥነት መመሳሰል እንደሚያስፈልግ አልክድም። አሁን ንፋሱን እንጨምርበት። በሰከንድ 4.5 ሜትር ከጎን የሚነፍስ ንፋስ ያንኑ አረር 300 ሜትር ላይ 15 ሴንቲሜትር ገደማ፣ 600 ሜትር ላይ ከ65 ሴንቲሜትር በላይ ይገፋዋል። ተኳሹ ንፋሱን በሰከንድ በአንድ ሜትር ብቻ ቢስት፣ 600 ሜትር ላይ ወደ 15 ሴንቲሜትር አጠፋ ማለት ነው። አንድ ሜትር በሰከንድ ፊት ላይ በቅጡ የማይሰማ ንፋስ ነው። በጥይት ሙሌት ወራት የፈጀበትን ትክክለኛነት እጥፍ አድርጎ ይውጠዋል። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 20 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ መሐሉን ላለመ ሰው የሚተርፈው በየጎኑ አሥር አሥር ነው።

በዚህ ላይ የሙቀቱ ጉዳይ አለ። ጥይቱ በሐምሌ ፀሐይ ተፈትኖ በኅዳር ውርጭ ይተኮሳል። ለሙቀት ስሱ የሆነ ባሩድ በ30 ዲግሪ ልዩነት ፍጥነቱን በሰከንድ ከ15 ሜትር በላይ ሊለውጥ ይችላል። ብዙ ሞያተኞች ለክሪድሙር ኤች 4350 የሚባለውን በአውስትራሊያ ሙልዋላ የሚመረተውን ባሩድ የሚመርጡት በሙቀትና በብርድ ብዙ ስለማይለዋወጥ ነው። እንዲህ ያለው ምርጫ አንዴ የሚደረግ ነው፤ ውጤቱም ከብዙ ቀን የሦስት ጥይት ፍለጋ ይበልጣል።

በፍጥነት ፍለጋ ውስጥ አደጋም አለ፤ ይህን በችኮላ ማለፍ አልፈልግም። የአሜሪካ የጦር መሣሪያና የጥይት አምራቾች ተቋም ሳሚ ለ6.5 ክሪድሙር የፈቀደው ከፍተኛ አማካይ ግፊት በአንድ ስኩዌር ኢንች 62,000 ፓውንድ ነው። ይህ ግፊት የሚፈጠረው ከተኳሹ ጉንጭ ጥቂት ጣት ርቆ ነው። ስለዚህ ከታተመ የሙሌት መጽሐፍ ውጭ አይወጣም፤ ከዝቅተኛው መጠን ይጀመራል፤ አረሩ፣ ቀለሁ ወይም ማቀጣጠያው ሲለወጥ ወደ ዝቅተኛው ይመለሳል፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ የባሩድ ዕቃ አይቀመጥም። በብርድ ጣሪያው ላይ የደረሰ መጠን በሙቀት ከጣሪያው ያልፋል። የመጨረሻዋን 15 ሜትር በሰከንድ ለማግኘት ብሎ ፊቱን ለአደጋ የሚሰጥ ሰው ያተረፈውን ንፋሱ እንደሚወስድበት ከላይ አይተናል።

አረሩን በወረቀት ውጤት ብቻ መምረጥም ሌላ ጥፋት ነው። የአደን አረር ሥጋ ውስጥ ሲገባ መከፈት አለበት፤ ለመከፈት ደግሞ ፍጥነት ይፈልጋል። ለብዙዎቹ የእርሳስ እምብርት ላላቸው አረሮች ወሰኑ በሰከንድ 550 ሜትር አካባቢ ነው፤ ሙሉ መዳብ የሆኑት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ይሻሉ። ክሪድሙር 600 ሜትር ሲደርስ ከዚህ ወሰን ደፍ ላይ ነው። ከሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእርሳስ አረር ማደን በተከለከለባት በካሊፎርኒያ አዳኙ መዳብ ይተኩሳል፤ ስለዚህ የእርሱ ወሰን ይበልጥ ቅርብ ነው። ወረቀት የሚበሳ አረር ሁሉ አውሬ በወጉ አይገድልም።

እንዲህ ከሆነ በእጅ መሙላት ለምን አስፈለገ ልትሉኝ ትችላላችሁ። ለጠመንጃው የሚስማማ አረር ለመምረጥ፣ ሙቀት የማይለውጠው ባሩድ ለመጠቀም፣ ከዓመት ዓመት አንድ ዓይነት ጥይት ለማግኘት፣ ብዙ ለመተኮስ። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። አንድ ጥሩ አረር፣ አንድ ጥሩ ባሩድ፣ ከመጽሐፉ ጣሪያ ዝቅ ያለ አንድ መጠን ይመረጥ፤ ሃያ ይተኮስ፤ የበተነበት ስፋት ለአደኑ ከበቃ ፍለጋው ይቁም። ካልበቃ አረሩ ወይም ባሩዱ ይለወጥ እንጂ የባሩድ ፍሬ እየቆጠሩ መጨመርና መቀነስ አያድንም። የቀረው ባሩድ ከጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ተቀምጦ፣ ተንበርክኮ፣ ቦርሳ ተደግፎ፣ ንፋስ ባለበት ቀን ይተኮስ።

ከዚያ ርቀቱ ራሱ ይናገራል። አዳኙ በዚያ አኳኋን ሲተኩስ ሃያውም ከ20 ሴንቲሜትር ክብ የማይወጡበት ሩቅ ቦታ የእርሱ ወሰን ነው፤ ለብዙ ሰው ይህ ከሚመኘው በጣም ያጠረ ይሆናል። በ1887 እ.ኤ.አ. በቴዎዶር ሩዝቬልት አነሳሽነት የተመሠረተው የቡንና ክሮኬት ክለብም አውሬው አዳኙን ሊያውቅ ከማይችልበት ርቀት መተኮስን የሚቃወም አቋም ይዟል። እኔ የክለቡን ያህል ባልሄድም ሒሳቡ ወደዚያው ይገፋኛል። አረሩ 600 ሜትር ለመድረስ ወደ 0.9 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ቃታው ሲሳብ ቆሞ የነበረው አጋዘን በዚያ ጊዜ አንድ እርምጃ ቢራመድ ለሳንባው የታለመው አረር ሆዱን ያገኘዋል። ያንን እርምጃ የሚያስቀር የባሩድ መጠን የለም፤ የሚያስቀረው 300 ሜትር ቀርቦ መተኮስ ነው።