መጠጥ ለማቆም የቆረጠ ሰው ወዴት ይሂድ?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። መልካም ነው። መጠጥ ለመተው ቆርጦ ታክሞ የወጣ ሰው ግን ሰፈሩ ሲገባ የሚጠብቁት ያው ግሮሰሪና ያው ባልንጀሮቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ አክረን ከተማ የተመሠረተው «አልኮሆሊክስ አኖኒመስ» የተባለው መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የመረዳጃ ኅብረት አንድ መንገድ አሳይቷል። የግዴታ መዋጮ የለም፤ የአባት ስም አይጠየቅም፤ መጠጥ የማቆም ፍላጎት ይበቃል። አንዱ የደረሰበትን ሲናገር ሌላው ያዳምጣል።

የእድር አዳራሾቻችን በሳምንት አንድ ምሽት ለእንዲህ ያለ ስብሰባ ቢከፈቱ፣ ጤና ጣቢያዎችም ቦታውንና ሰዓቱን ቢለጥፉ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለዓመታት አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ማቆሙ ለሕይወቱ ስለሚያሰጋ ሐኪም ይቅደም። ከዚያ በኋላ ግን የሚያበረታው ሰው ያስፈልገዋል፤ ወረዳዎችና እድሮች ዛሬውኑ ይምከሩበት።