ዲ-503 እና አምባ 14

ስለ ደርግ ዘመን ወሬ ተጀምሮ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» የማያነሳ የተማረ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። «ሰውዬው እኮ የጻፈው ስለኛ ነው» ይላል አንዱ። «ያ ድሮ ነው፤ አሁን ሃክስሊ ላይ ደርሰናል» ይላል ሌላው፣ ስልኩን እየነካካ። ክርክሩ ይሞቃል፣ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል። በመጨረሻ ሁሉም ራሱን ዊንስተን ስሚዝ አድርጎ ወደ ቤቱ ይገባል፤ እውነትን ብቻውን የያዘ፣ ታላቁ ወንድም ዓይኑን የማይነቅልበት ምስኪን!

እኔን ይሄ ነገር አይዋጥልኝም። መጻሕፍቱን ንቄ አይደለም፤ የማይዋጥልኝ አነባበባችን ነው። እነዚህን ልብ ወለዶች አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ማንበብና አሶሳ ላይ ሆኖ ማንበብ ለየቅል ነው። ከአሶሳ ሲነበቡ አንድ ደስ የማይል ነገር ብቅ ይላል፤ የተማርነው ሰዎች በዚያ ታሪክ ውስጥ ተበዳዮች ብቻ አልነበርንም፣ መዝጋቢዎቹም ነበርን።

እስቲ መጻሕፍቱን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ቀዳሚው ሩሲያዊው የቭጌኒ ዛምያቲን ነው። «እኛ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው ገና ሌኒን በሕይወት ሳለ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1924 ኒውዮርክ ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ በገዛ አገሩ የታተመው ግን በ1988 ነው። በዚያ መጽሐፍ ሰው ስም የለውም፣ ቁጥር ነው። ባለታሪኩ ዲ-503 ይባላል። ቤቱ ሁሉ መስታወት ነው፤ የመብያውም የመተኛውም ሰዓት በሠንጠረዥ ተወስኗል። ከተማዋ በአረንጓዴ ግንብ ታጥራለች፤ የአገሩ ገዥም «በጎ አድራጊው» ይባላል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1932 ሃክስሊ መጣ። በሱ ዓለም ጅራፍ የለም። ሰው በጠርሙስ ተመርቶ፣ መደቡ አስቀድሞ ተወስኖለት ይወለዳል፤ ሲከፋው ሶማ የምትባል ክኒን ይውጣል። በ1949 ደግሞ ኦርዌል መጣ፤ የራሽን ቸኮላት ከ30 ግራም ወደ 20 ግራም ተቀንሶ «ወደ 20 ግራም ከፍ ስላለልን እናመሰግናለን» የሚባልበትን አገር ይዞ።

የተለመደው ንጽጽር «የኦርዌል መንግሥት በሥቃይ ይገዛል፣ የሃክስሊ በደስታ ይገዛል» የሚል ነው። ልክ ነው፤ ግን በዚህ ማለቅ የለበትም። እኔ አንድ ተራ ጥያቄ አለኝ፤ በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ባለታሪኩ ሥራው ምንድን ነው? ዲ-503 የመንግሥት መሐንዲስ ነው፣ የጠፈር መርከብ ይሠራል። ዊንስተን የእውነት ሚኒስቴር ሠራተኛ ነው፣ ያለፈውን ጋዜጣ እያረመ ታሪክ ይለውጣል። የሃክስሊው በርናርድ ማርክስም የላይኛው መደብ ባለሙያ ነው። ልብ በሉልኝ፣ ሦስቱም የመንግሥት ሰዎች ናቸው! የኛው «ኦሮማይ»ም ከዚህ አይወጣም፤ ባለታሪኩ ፀጋዬ በቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ይዞ አሥመራ የሄደ ጋዜጠኛ ነው። ደራሲው በዓሉ ግርማ ራሱ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ዓመቱ 1984 ነበር።

በዓሉ የከፈለውን ዋጋ የሚያሳንስ አንደበት የለኝም። የምለው ሌላ ነው። የፍፁም አገዛዝ ልብ ወለድ ባመዛኙ የጸሐፊው፣ የመሐንዲሱ፣ የጋዜጠኛው ኑዛዜ ነው። በኦርዌል አገር ከ100 ሰው 85ቱ «ፕሮል» የሚባሉ ተራ ሰዎች ናቸው። ደራሲው ያዝንላቸዋል፣ ተስፋም ይጥልባቸዋል፤ ታሪኩን ግን በነሱ አፍ አይነግረንም። መዝገብ የያዘው ሰው መጽሐፍ አለው፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረው ሰው የለውም።

አሁን ወደ አሶሳ እንሂድ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመትና የኢሠፓን መመሥረት ስታከብር፣ ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር። በዓሉ አልፎ ዓለም ኮረምን በቴሌቪዥን ካየ በኋላ መንግሥት መፍትሔዬ ያለውን አመጣ፤ ሰፈራ። 300,000 አባወራ፣ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ይጓጓዛል ተባለ። በተግባር የተጓጓዘው 600,000 ያህል ነው። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ ያኔ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር ወደነበረችው አሶሳና በጎጃም ሥር ወደነበረው መተከል ደረሰ። ፈልጎ የሄደ ነበረ፤ እህል ሊቀበል በመጣበት ታፍሶ የተጫነም ነበረ። ባል እዚህ፣ ሚስት እዚያ ቀርተዋል። ከፈረንሳይ የመጡት ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይህን ስለተናገሩ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረሩ። ከአሶሳ ጠፍተው በእግራቸው ሱዳን፣ ደማዚን የገቡም ብዙ ናቸው።

የሰፈራ መንደሮቹስ ምን ተባሉ? አምባ 1፣ አምባ 2፣ አምባ 3... አሶሳ ሄዶ የሚያውቅ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል፤ ዛሬም አምባ 8 አለ፣ አምባ 14 አለ። ፓዊ ላይ ደግሞ መንደር 7፣ መንደር 17 እያለ ይቀጥላል። የወሎ ሰው አገሩን ሲጠራ ወንዙን፣ ታቦቱን፣ መስጊዱን፣ የአያቱን ስም ይጠራል። እዚህ ግን መሬት ላይ ከመውረዱ በፊት ቁጥር ይጠብቀው ነበር። እርሻው የጋራ፣ ትራክተሩ የመንግሥት፣ ዋጋው የሥራ ነጥብ። ሠንጠረዡ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይመጣል። እንግዲህ ንገሩኝ፣ ይህ የትኛውን መጽሐፍ ይመስላል? ሰላይ ካሜራ የለበትም፤ ሶማም የለበትም። ዛምያቲን ነው! ያውም ሌላ ነገር አለ። ዛምያቲን ያችን የመስታወት ከተማ የወለዳት የ200 ዓመት ጦርነት ነው ይለናል፤ ከተማ ከገጠር ጋር ያደረገው ጦርነት። ይህን ያስታወሰ የካፌ ተከራካሪ አላየሁም፤ ምክንያቱም ካፌው ያለው አሸናፊው ወገን ዘንድ ነው።

«አንተ ሰው፣ ረሃብተኛን ማዳን ከልብ ወለድ ጭራቅ ጋር እንዴት ይነጻጸራል?» የሚለኝ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። የተራቆተ መሬት ላይ ያለ ሕዝብ ለም መሬት ቢፈልግ ነውር የለበትም፤ አምባዎቹ ውስጥ ማሽላና በቆሎ አምርተው፣ ልጅ አስተምረው ለወግ ማዕረግ ያበቁም ሞልተዋል። ይህ የነሱ ጉልበት ነው፤ ምስጋናውን ለፕላኑ አልሰጥም። ደግሞስ የዛምያቲን ገዥ ስሙ «በጎ አድራጊው» መሆኑን ረሳነው እንዴ? ፍፁም አገዛዝ ሁልጊዜ ጥርሱን አግጦ አይመጣም፤ ሰነድ ይዞ፣ «ለናንተ ብለን ነው» እያለ ይመጣል። አስፈሪው ክፋቱ ብቻ አይደለም፤ «የት ልኑር?» የሚለውን ጥያቄ ከባለቤቱ ነጥቆ ለቢሮ ማስረከቡ ነው። ያን ሰነድ ያዘጋጀው፣ ካርታ ላይ መስመር ያሰመረው የተማረ ሰው ነው። በ1977 ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር ለሰፋሪ ጎጆ ሊሠራ ዘምቷል። ብዙው በቅን ልቦና እንደዘመተ አልጠራጠርም። ዲ-503ም እኮ ቅን ነበር!

ከግንቡ ማዶስ ማን ነበር? ዛምያቲን ከአረንጓዴው ግንብ ማዶ ገላቸው ጠጉር የለበሰ ሰዎችን አኑሯል። ሃክስሊ ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ላይ የ«አውሬዎች» ክልል አጥሯል። ሁለቱም ያንን ማዶ ለከተማው ሰው ማምለጫ ወይም መገረሚያ አድርገው ነው የሚያዩት። እኛ ከነሱም ብሰናል፤ ማዶው ላይ ሰው መኖሩንም ሳንጽፍ «ድንግል መሬት» አልነው። በዚያ ድንግል በተባለው መሬት ላይ በርታ ነበር፣ ጉሙዝ ነበር፣ ማኦና ኮሞ፣ ሺናሻም ነበሩ። ጉሙዙ ቦታ እያፈራረቀ ያርሳል፤ ያደረው መሬት ለሱ ያረፈ መሬት ነው። ለፕላን አውጪው ግን ባዶ መሬት ሆኖ ታየው። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ በጣልያን ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር ጫካውን ቡልዶዘር ጠረገው፤ ማሩም፣ አደኑም፣ ሥራሥሩም አብሮ ሄደ። 80,000 ያህል ሰፋሪ የገባበት ያ መሬት ባለቤት ያለው መሬት ነበር። ባለቤቱን የጠየቀው የለም፤ ሰፋሪውንም «ትሄዳለህ?» ብሎ በቅጡ የጠየቀው የለም። ሁለቱ ያልተጠየቁ ሰዎች ተፋጠው ቀሩ።

ልብ ወለዶቹ የማይነግሩን ሌላው ነገር ደግሞ የኋለኛው ነው። በመጽሐፍ ውስጥ ማሽኑ ይረታል፣ ሰውዬው ይሸነፋል፣ መጋረጃው ይዘጋል። በኛ አገር ግን ማሽኑ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ መሪው ሐራሬ ገባ። ደብተሩስ? ደብተሩ አልወደቀም። ትናንት «ሰፋሪ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው በአዲሱ ሥርዓትም ሰፋሪ ሆኖ ቀጠለ። የክልሉ ሕገ መንግሥት የክልሉ ባለቤቶች በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ናቸው ይላል። ለዘመናት ባሪያ ፈንጋይ፣ ወርቅ ፈላጊና ፕላን አውጪ ሲፈራረቅበት ለኖረ ሕዝብ «ባለቤት ነህ» መባል ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን የሚያቃልል ሰው ታሪኩን አያውቅም። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ100 የክልሉ ነዋሪ 26 ያህሉ በርታ፣ 21 ያህሉ ጉሙዝ፣ 21 ያህሉ ደግሞ አማራ ነበር። በ1992 ዓ.ም. ምርጫ ሊወዳደሩ የቀረቡ የአሶሳ ሰዎች የአካባቢውን ቋንቋ አይናገሩም ተብለው ከዕጩነት ተሰረዙ። ጉዳዩ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ በ1995 ዓ.ም. የክልሉን የሥራ ቋንቋ፣ ማለትም አማርኛን ማወቅ ይበቃል ተብሎ ተወሰነ። ፈረሙና ላኩኝ ሳይል በመንግሥት የተጫነ ሰው፣ «ለምን መጣህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ግን እሱ ነው።

ሰውን በዝርዝር ከፍሎ ማየት የት እንደሚያደርስ ደግሞ አይተናል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ቀበሌ ከ100 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተገደለ። ከሟቾቹ ውስጥ አማራም ኦሮሞም ነበሩ፤ ሕገ መንግሥቱ ባለቤት ያላቸው ሺናሻዎችም ነበሩ። የመተከል ደም ሁሉ ከ1977 ሰነድ የፈሰሰ ነው አልልም፤ ብዙ እጅ አለበት። ግን «ይሄ ባለቤት፣ ያ መጤ» የሚለው ዝርዝር ጎረቤትን ከጎረቤት ለመለየት ሲያገለግል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያለውንም አላዳነውም።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ «ኦርዌል ነን ወይስ ሃክስሊ?» የሚለውን ጨዋታ ትንሽ ረገብ እናድርገው። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ የለንደኑን ታላቅ ወንድም በቃላችን ስንወጣ፣ ከአሶሳ ወዲህ ማዶ ያለውን አናውቅም። በ1977 የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ከአውሮፕላን የወረደ ወሎዬ ዛሬ ከ70 አልፏል። ጫካው ሲጠረግ ቆሞ ያየው ጉሙዝም እንዲሁ። ምሁሮቻችን ጥናት አላነሳቸውም፤ ደሳለኝ ራህመቶ ስለ መተከል ሰፈራ ገና በደርግ ዘመን ጽፏል፣ ወልደሥላሴ አቡቴም ጉሙዝና ሰፋሪን ጎን ለጎን አጥንቷል። ያጣነው ልብ ወለዱን ነው፤ ታሪኩን በተመዘገበው ሰው አፍ የሚነግረን። አሶሳ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ከአምባዎቹም ከበርታ መንደሮችም የመጡ ልጆች አንድ ክፍል ይቀመጣሉ። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ለነዚህ ልጆች ዊንስተንን ከማስተንተናቸው በፊት አንድ የቤት ሥራ ይስጧቸው፤ ቤታችሁ ሂዱና አያቶቻችሁን «ማን መዘገባችሁ? ምን ብሎ?» ብላችሁ ጠይቁ ይበሏቸው። አያቶቹ በሕይወት እያሉ።