ቈጥቦ ማኖርና ለክቶ ማውጣት

ሰው በጕልበቱ ዘመን ከሚያገኘው ቀንሶ ለእርጅናው ማስቀመጡ ታላቅ ብልኅነት መሆኑን የማይመሰክር የለም። ስለዚህም ነገር ብዙ ምክር ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። ነገር ግን የተቀመጠው ገንዘብ በምን ጊዜ፥ በምን መጠን፥ ለምንስ ጕዳይ ሊወጣ እንደሚገባ የሚያስረዳው ቃል ጥቂት ነው። ከዚህም የተነሣ ሠላሳና አርባ ዓመት በማጠራቀም የኖረ ሰው ጡረታ በገባ ጊዜ እጁ መዝጋትን ብቻ ለምዶ መክፈት ይቸግረዋል። ሌላው ደግሞ መክፈቱን እንጂ መለካቱን ስለማያውቅ የዕድሜ ልክ ድካሙን በአንድ ዓመት ይጨርሰዋል። የሁለቱ መንገድ ልዩ ልዩ ቢሆንም መድረሻቸው አንድ ችግር ነው።

ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ትርጓሜውን ይዟል። የወጣው «ጦረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ይኸውም ሽማግሌን መገበ፥ አለበሰ፥ ደገፈ ማለት ነው። በቀድሞው ጊዜ የኢትዮጵያ አዛውንት ጧሪው ልጁና ዘመዱ ነበረ። መንግሥት ለሠራተኞቹ በ1955 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 209 የጡረታ ሕግ ከሠራ ወዲህ ግን፥ ደመወዝተኛ የሆነ ሰው ከገዛ ደመወዙ በሚቀነሰውና አሠሪው በሚጨምርለት ገንዘብ እንዲጦር ሆነ። የግል ድርጅት ሠራተኞችም በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 የዚሁ ዕድል ተካፋዮች ሆኑ። እንግዲህ ይህ ገንዘብ፥ ሠራተኛው በፈቃዱ ካጠራቀመው ጋራ፥ ስሙም ግብሩም መጦሪያ ነው። መጦሪያ ሆኖ የተቀመጠ ገንዘብ ባለቤቱን ሳይጦር ቢቀር ከተመደበለት ሥራ እንደ ጐደለ ይቈጠራል።

ዮሴፍ በግብፅ አገር የተመሰገነው በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ስላከማቸ ብቻ አይደለም፤ የረኃቡ ዘመን በደረሰ ጊዜ ጎተራውን ከፍቶ በልክ ስላካፈለ ነው። ጎተራው በረኃብ ጊዜ ተዘግቶ ቢቀር ኖሮ የሰባቱ ዓመት ድካም ነቀዝን እንጂ ሰውን ባልጠቀመም ነበር። በምድረ በዳ ለእስራኤል የወረደው መናም እንዲሁ ያስተምራል። በሌላው ቀን ለነገ ያሳደሩት ሲተላ፥ በስድስተኛው ቀን እጥፍ አድርገው የሰበሰቡት ግን ሳይበላሽ አድሮ በሰንበት ተበላ። የሥራ ዘመን እንደ ስድስቱ ቀን፥ ጡረታም እንደ ሰንበት ቢታሰብ፥ ለሰንበት የተሰበሰበውን በሰንበት መብላት ሆዳምነት ሊባል አይችልም።

ገንዘብም እንደ እህል ነቀዝ አለው፤ ነቀዙ የዕቃ ዋጋ መወደድ ነው። በጥቅምት ወር 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለቍጠባ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከመቶ 5 ወደ መቶ 7 ከፍ አድርጎ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ በዓመት ውስጥ ከመቶ 30 በላይ ጨመረ። በእንዲህ ያለ ዓመት 100 ብር በባንክ ያሳደረ ሰው ከነወለዱ 107 ብር ያገኛል፤ አምና በ100 ብር ይሸመት የነበረው ግን 130 ብር ይጠይቀዋል። በእጁ ያለው ብር በቍጥር ሲበዛ በጥቅም ወደ 82 ብር ያህል ወርዷል ማለት ነው። ስለዚህ አዛውንቱ ጥርሱን ሳይታከም፥ መነጽሩን ሳይለውጥ፥ የሚያፈሰውን ጣራ ሳይጠግን ገንዘቡን አቅፎ ቢቀመጥ፥ አዳንሁ የሚለውን በየዓመቱ ያጣዋል። መደረግ የማይቀረውን ነገር ጊዜው ሳያልፍ ማድረግ ማባከን አይደለም።

ለክቶ ለማውጣት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ገቢውን ማወቅ አለበት። ለምሳሌ በ2003 ዓ.ም. በወጣው በአዋጅ ቁጥር 714 የተደነገገውን ስሌት መመልከት ይበቃል። ዐሥር ዓመት ላገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አበሉ የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሲሆን፥ ከዐሥር ዓመት በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጠቅላላውም ከመቶ 70 አያልፍም። በዚህ ስሌት 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የነበረ እንደሆነ አበሉ 5,500 ብር ይሆናል። የጐደለው 4,500 ብር ከወዴት እንደሚመጣ፥ ወይም የትኛው ወጪ እንደሚቀር፥ ጡረታ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ያላሰበ ሰው በመጀመሪያው ወር ይደነግጣል።

ከዚህ በኋላ የተጠራቀመውን ገንዘብ በሦስት መክፈል ይጠቅማል። አንደኛው ክፍል በየወሩ የአበሉን ጕድለት የሚሞላ ነው። ሁለተኛው ለሕመምና ለድንገተኛ ነገር የማይነካ ተቀማጭ ነው። ሦስተኛው ለደስታና ለምጽዋት፥ ዘመድ ለመጠየቅ፥ ወደ ገዳም ለመሳለም፥ የልጅ ልጅን ለማስተማር የሚወጣ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል መጠን ለማወቅ ከባድ ሒሳብ አያሻም፤ የቀረውን ገንዘብ ለቀረው ዘመን ማካፈል ነው። ስድሳ ዓመት የሞላው ሰው ለዚህ ክፍል 300,000 ብር ቢኖረውና እስከ ሰማንያ አምስት ዓመት እኖራለሁ ብሎ ቢያስብ፥ ለ25 ዓመት ሲካፈል በዓመት 12,000 ብር፥ በወርም 1,000 ብር ይደርሰዋል። ዋጋና ጤና ስለሚለዋወጡ ይህን ሒሳብ በየመስከረሙ እንደገና መሥራት ይገባል። እንዲህ ያደረገ ሰው ያወጣውን ያለ ጸጸት ያወጣል፤ ያኖረውንም ያለ ስስት ያኖራል።

ከመንገዱ የሚያስቱ ነገሮችም አሉ። ዕድሜውን በጽሕፈት ቤት የፈጸመ ሰው ያለ ልምድ ገንዘቡን ሁሉ በማያውቀው ንግድ ቢያገባ፥ ለዘመድ ብድር ዋስ ሆኖ ቢፈርም፥ ወይም የሚኖርበትን ቤት በሕይወቱ ሳለ በልጆቹ ስም አዙሮ እርሱ በቤቱ እንግዳ ቢሆን፥ ወድቆ ለመነሣት የሚበቃ ጊዜ የለውም። በወጣትነት የደረሰ ኪሳራ በሥራ ይተካል፤ በእርጅና የደረሰው ግን የሚተካው በልመና ነው። ደግሞም የትዳር ጓደኛን ነገር መርሳት አይገባም። በዚሁ አዋጅ ባሏ የሞተባት ሚስት የምታገኘው የባሏን አበል እኩሌታ ነው። ስለዚህ ባል ሒሳቡን የሚሠራው ለራሱ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ ለምትቀረው ሚስቱም መሆን አለበት። ንብረቱንም በሕግ በተደነገገው ሥርዐት ተናዞ ቢያስቀምጥ ልጆቹን ከፍርድ ቤት ደጅ ያድናቸዋል።

ስለ ድግስም አንድ ቃል ማንሣት ያስፈልጋል። በሕይወቱ ሳለ ሥጋና ወተት ያልቀመሰ፥ መድኃኒት የተወደደበት አዛውንት ለተዝካሩ በሬ እንዲታረድ ገንዘብ ሸሽጎ ይገኛል፤ ወይም ልጆቹ በሕይወቱ ያልጠየቁትን አባት ከሞተ በኋላ ተበድረው ይደግሱለታል። ጸሎተ ፍትሐትና መታሰቢያ የሚናቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ዋጋቸው በጠላው ጋንና በእንጀራው ብዛት አይለካም። አዛውንቱ በገዛ እጁ ለድኻ የሰጠው ቍራሽ፥ ለደብተርና ለእርሳስ የከፈለለት ሕፃን፥ ሰው ሁሉ በልቶ ከሚበተንበት ድግስ ይልቅ ስሙን ያስጠራለታል።

እንግዲህ በዚህ ነገር ሁለት ወገኖች ልዩ ኀላፊነት አለባቸው። የየመሥሪያ ቤቱ ሹማምንት ሠራተኛው ስድሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት የአገልግሎት ማስረጃውን አሟልተው፥ የሚያገኘውንም አበል አስልተው አስቀድመው ሊያስታውቁት ይገባል። በማኅደር መጥፋት ምክንያት ሽማግሌ በየደጁ እንዲመላለስ ማድረግ የሠላሳ ዓመት አገልግሎቱን እንደ መካድ ነው። ካህናትም የብዙ አዛውንት የንስሐ አባቶች ስለሆኑ ምክራቸው ከማንም ይልቅ ይሰማል። አባካኙን እንደሚገሥጹ ሁሉ፥ ራሱን በረኃብና በብርድ እየጐዳ ገንዘብ የሚያቅፈውንም ሰው በርኅራኄ ቢመክሩት ነፍስንም ሥጋንም ያድናሉ።

ቍጠባ በጎ ልማድ ነው፤ ግን መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም። በጊዜው የዘራ፥ በጊዜው ያጨደ፥ በጊዜውም ጎተራውን ለክቶ የከፈተ ሰው ሦስቱንም ሥራ ፈጽሟል። ከሦስቱ የመጨረሻውን የተወ ግን ምንም እንኳ ሲደክም ቢኖር፥ የድካሙን ዋጋ ሳያገኝ ያልፋል።