የወዳጅ መታሰቢያ አማና ነው



አብሮን ሲያስተምር የነበረ ወንድማችን በካንሰር ሕመም ወደ አኼራ በሄደ ሰሞን ቤቱ ሰው አላጣም ነበር። ቁርኣን ተቀራ፣ ሰደቃ ወጣ፣ ዱዓ ተደረገ። በሦስተኛው ቀን እኛ የሥራ ባልደረቦቹ ተሰባስበን፣ «በስሙ ገንዘብ እናዋጣና ካንሰርን ለሚታገሉት እንስጥ» ተባባልን። ደብተር ተከፈተ። ተማሪዎቹ ሳይቀሩ የምሳ ሳንቲማቸውን ይዘው መጡ።

ከወር በኋላ ከተማሪዎቹ አንዷ፣ «ቲቸር፣ ያዋጣነው ስንት ሆነ? የት ደረሰ?» ብላ ስትጠይቀን መልስ አጣን። ከገንዘቡ ላይ ለታክሲ፣ ለፎቶ ኮፒና ለሻይ ወጥቷል፤ ማን ስንት እንዳወጣ ግን የተጻፈ ነገር የለም። ከመካከላችን የሰረቀ አልነበረም፤ በአግባቡ የጠበቀም አልነበረም። የዚያን ቀን እፍረታችንን አንረሳውም።

በዚህ ጊዜ ነው ቀደም ሲል ያነበብነው የሁለት አሜሪካውያን ጋዜጠኞች ታሪክ ትዝ ያለን። ዴመን ረንየን የኒውዮርክን የሌሊት ሕይወት እየተመለከተ የሚጽፍ ታዋቂ ደራሲ ነበር። የጉሮሮ ካንሰር ያዘውና እ.ኤ.አ. በ1944 በተደረገለት ቀዶ ሕክምና ድምፁን አጣ። ከዚያ በኋላ የሚፈልገውን የሚናገረው በቁራጭ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር። በእነዚያ የመጨረሻ ዓመታት ከጎኑ ያልተለየው ባልንጀራው ዋልተር ዊንቸል ነው። ሌሊት ሌሊት በዊንቸል መኪና አብረው እየዞሩ የከተማይቱን ወሬ ይከታተሉ ነበር። ረንየን ታኅሣሥ 10 ቀን 1946 (እ.ኤ.አ.) ሞተ።

ዊንቸል ማን እንደነበር አንደብቅም። የሰዎችን ገመና በጋዜጣና በሬዲዮ እያወጣ የሚኖር፣ ምላሱ ብዙዎችን ያቆሰለ ሰው ነበር። ሐሜት በእኛ ዘንድ ምን ያህል ከባድ ኃጢአት እንደሆነ አንባቢያን ያውቁታልና ያንን ሥራውን አናወድስለትም። ነገር ግን ወዳጁ ሲሞት ያ ሚሊዮኖች የሚሰሙት አንደበት ለአንድ መልካም ነገር ዋለ። በሬዲዮ ቀርቦ አድማጮቹን ለካንሰር ምርምር የአቅማቸውን እንዲልኩ ጠየቀ። ከሚላከው ገንዘብ ላይ ለሥራ ማስኬጃ አንዲት ሳንቲም እንደማትቀነስም ቃል ገባ። ሕዝቡም ሰጠ። በረንየን ስም የመታሰቢያ ድርጅት ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1949 ደግሞ ሚልተን በርል የተባለ የመድረክ ሰው ለዚሁ ድርጅት በቴሌቪዥን ለ16 ሰዓታት ያህል ሲለምን ውሎ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰቡ ይነገራል።

እኛን የገረመን የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ያ ቃል እስከ ዛሬ መጠበቁ ነው። ድርጅቱ ዛሬም ከለጋሾች የሚመጣውን ገንዘብ በሙሉ ለወጣት ተመራማሪዎች ይሰጣል። የጽሕፈት ቤቱን ወጪ የሚሸፍነው ከሌላ ገቢ ነው፤ ለምሳሌ የቲያትር ትኬት በመሸጥ ከሚያገኘው። ያኔ የሰጡት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ አደራቸው ግን ቀጥሏል።

«ምርምር ለእኛ ምን ይፈይዳል? ሕሙማን መድኃኒት መግዣ አጥተው የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም ዛሬ የምንገዛው መድኃኒት ትናንት ሌላው የመረመረው መሆኑን አንርሳ። ረንየን በሞተበት ዘመን የደም ካንሰር የያዘው ሕፃን የሚኖረው ጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 በቦስተን ከተማ ዶክተር ሲድኒ ፋርበር ለ16 ሕፃናት አዲስ መድኃኒት ሰጥቶ 10ሩ ለጊዜው እንደተሻላቸው ጻፈ። በሽታው ተመልሶባቸዋል፤ በሩ ግን ተከፈተ። ዛሬ በበለጸጉት አገሮች በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ10ሩ 9ኙ ያህል ይድናሉ። አላህ (ሱ.ወ.) መድኃኒት ያላዘጋጀለት በሽታ እንደሌለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። እንግዲህ መፈለጉ የእኛ ድርሻ ነው።

በድሃ አገር ግን የተገኘውም መድኃኒት ለሁሉም አይደርስም። ስለዚህ ምርምሩን መርዳትና አጠገባችን ያለውን ሕመምተኛ መርዳት አይጣሉም። በአገራችን ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 በልጃቸው ስም የካንሰር ሶሳይቲ አቋቁመዋል። ከክፍለ ሀገር ለሕክምና መጥተው ማረፊያ ያጡ ሕሙማን በዚያ ይጠለላሉ። ሐዘን ሥራ ሲሆን እንዲህ ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ያቺ ልጅ ከጠየቀችን በኋላ እንደገና ተሰበሰብን። የጎደለውን ከየኪሳችን ተካን። ደብተሩን ሁለት ሰዎች እንዲይዙት አደረግን፤ ገቢና ወጪው በየወሩ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ተስማማን። ታክሲና ሻይ ከየራሳችን ሆነ። የሰጪዎችን ስም ግን አንለጥፍም፤ ይዩልኝ የሰደቃን ምንዳ ይበላልና። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። ቢሆንም የሟችን ወንድማችንን እናት «በልጅዎ ስም ይህን ያህል ተሰብስቧል፣ እዚህ ቦታ ደርሷል» ስንላቸው ደረሰኙን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ከለቅሶው ወዲህ ሲረጋጉ ያየናቸው ያን ቀን ነው።

ወጣቶች ሆይ! ወዳጃችሁ ሲሞት ማልቀስ ነውር የለውም። በስሙ ገንዘብ ልትሰበስቡ ስትነሱ ግን አስቀድማችሁ ደብተሩን አዘጋጁ። ሰው ሲሞት ሥራው ቢቋረጥም የማይቋረጥ ሰደቃና ሌሎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት ምንዳው እንደሚቀጥል ተምረናል። ካንሰርን የሚያሸንፍ ዕውቀት እንዲገኝ የምትሰጥ አንዲት ብር ከሁለቱም ድርሻ እንዲኖራት ተስፋ እናደርጋለን። ይህ የሚሆነው ግን አማናው ሲጠበቅ ነው።

አላህ ወንድማችንን ይማረው፤ በሕመም ላይ ያሉትንም ያሽራቸው። ወላሁ አዕለም።