ከዕርቁ በፊት ማስረጃው ይያዝ

እዚህ ካኩማ ሰው ሲደበደብ ነገሩ እንዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጎረቤት ይገላግላል፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ተባብሎ ካሳ ይቆረጣል። ካሳው ሳይከፈል ሲቀር ወይም ሰውየው ደግሞ ሲማታ ወደ ፖሊስ ቢኬድ ግን ቁስሉ ድኗል፣ ልብሱ ታጥቧል፣ ያየው ሰውም ካምፑን ለቆ ሄዷል። ይህን የምንለው ሽምግልናን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛም በሽምግልና ያደግን ነን። ነገር ግን የኬንያ ሕግ ዕርቅ የሚገባበትንና የማይገባበትን ለይቶ አስቀምጧል።

በወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 250 ቀላል ድብደባ እስከ 1 ዓመት፣ በአንቀጽ 251 የአካል ጉዳት ያስከተለ ድብደባ እስከ 5 ዓመት፣ በአንቀጽ 234 ከባድ ጉዳት፣ ለምሳሌ ዓይን ያጠፋ ዱላ፣ እስከ ዕድሜ ልክ ያሳስራል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 176 ፍርድ ቤት ዕርቅና ካሳን እንዲያበረታታ የሚፈቅደው ለቀላል ድብደባና ከባድ ወንጀል ላልሆኑ መሰል የግል ጥፋቶች ነው። አስገድዶ መድፈር ደግሞ በ2006 በወጣው ሕግ ከ10 ዓመት ጀምሮ እስከ ዕድሜ ልክ ያስቀጣል፤ መዝገቡን የመዝጋት ሥልጣን የዐቃቤ ሕግ እንጂ የሽማግሌም የፖሊስም አይደለም። ባል ሚስቱን ቢመታም ያው ወንጀል ነው። በ2015 የወጣው የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ደግሞ ሚስት ከፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ እንድትጠይቅ ይፈቅድላታል።

ታዲያ ጉዳዩ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚወድቅ በአብዛኛው የሚታየው በፒ ስሪ ቅጽ ነው። ቅጹን የሚሰጠው ፖሊስ ነው፣ የሚሞላው ሐኪም፣ ክፍያም የለውም። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ አቤቱታችሁ ኦ ቢ በሚባለው መዝገብ መስፈሩን አይታችሁ ቁጥሩን ሳትይዙ አትውጡ። የተደፈረ ሰው ግን ከሁሉ በፊት ክሊኒክ ይሂድ፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። የመታው ራሱ ፖሊስ ከሆነ በ2011 ሕግ የተቋቋመው ነፃ የፖሊስ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቤቱታ ይቀበላል።

የእኛን ሰው በተለይ የሚጎዳው ሰዓትና ቀን ነው። "ማታ 3 ሰዓት" ያልነው በፈረንጅ ከምሽቱ 9 ነው። ስዋሂሊውም እንደኛ ይቆጥራል፣ መዝገቡ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል። መስከረም 5 ያልነው "ሴፕቴምበር 5" ተብሎ ቢተረጎም የ10 ቀን ስሕተት ነው፤ የሕክምና ካርዱ ሴፕቴምበር 15 ይላል፣ የተከሳሹም ጠበቃ "የቱ ነው እውነቱ?" ብሎ ይነሣል። ስለዚህ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት። አስተርጓሚውም የተከሳሹ ዘመድ እንዳይሆን ጠይቁ፣ ማፈር የለበትም።

ደም የነካው ልብስ አይታጠብ፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታልና በወረቀት ይጠቅለል። ቁስሉን ፊትም እንዲታይ አድርጋችሁ አንሡ፣ ቀጥሎ በቅርብ፣ አጠገቡ ሳንቲም አድርጋችሁ። ፎቶው ከተነሣበት ስልክ አይጥፋ፣ ፌስቡክ ላይም አይለጠፍ። ከመቺው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖር እህት ግን ደብተርም ፎቶም ቤት ውስጥ አታስቀምጥ፤ ቢያገኘው ዳግመኛ ያስመታታል። ለምታምናት ጓደኛ ወዲያው ትላክላትና ከራስዋ ስልክ ታጥፋው፤ በጓደኛዋ ስልክ ላይ መልእክቱ የደረሰበት ቀንና ሰዓት አብሮ ይቀመጣል።